አንድ ማንኪያ ጨው ሲቀር

ሚንዩ ጭልፋውን ከባልዲው አንሥታ አዘነበለችው። ሳሙናው ሳይንጠለጠል፣ ሳይዘገይ፣ እንደ ጣራ ውሃ ተንዠቀዠቀ።

«ይሄ ሳሙና ነው ወይስ የብርጭቆ እጣቢ?» አለች ፔይሊን፣ በአጥሩ ግንብ ላይ ተቀምጣ እግሮቿን እያወዛወዘች። «ካምናው በምን ተሻለ?»

«ገና ሙቅ እኮ ነው።»

«እሺ፣ ሙቅ ውሃ ነው።»

ሚንዩ አልሳቀችም። ጭልፋውን መልሳ አጠለቀች፤ አነሣች፤ አዘነበለች። ያው ነው።

በግቢው ውስጥ ሁለት ባልዲዎች ተቀምጠዋል። ዘይቱ የመጣው ከፔይሊን ቤት ነው፤ እናቷ በወደቡ ገበያ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል ሥጋ በሊጥ እየጠቀለለች ትጠብሳለች፣ ጠብሳ የጨረሰችበትንም ዘይት በጀሪካን ታጠራቅማለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለቱ ልጆች ከሳይንስ መምህራቸው ጋር በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ያንን ዘይት አብስለው እንደ ማርማላታ የጠነከረ ሳሙና አደረጉት። ዛሬ በፈላ ውሃ አሟሙተውታል። የቀረው ማወፈር ብቻ ነው። የቀረውም ጊዜ ሦስት ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን የባሕርተኞች ጠባቂ የሆነችው አምላክ፣ የማዙ ልደት ነው። በቤተ መቅደሱ ሜዳ ሰማንያ ገበታ ይዘረጋል፤ ከባሕር የተመለሰው ሁሉ ይበላል፤ የወጥ ቤቱ ሴቶችም ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሺህ ሳህን ያጥባሉ። አምና ሚንዩ የመጀመሪያ ሳሙናዋን ይዛላቸው ሄዳ ነበር። አንዷ በጭልፋ ቀድታ ወደ ፀሐይ አነሣችውና «እናንተ፣ ይሄ ይጠጣል እንዴ?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ባልዲው ወደ አግዳሚው ሥር ተገፋ፤ የሱቁ ሳሙና ጠርሙስ ወጣ። ሚንዩ የመሥዋዕት ወረቀት ከሚቃጠልበት ምድጃ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። ይህን የምታውቅ ፔይሊን ብቻ ነበረች።

ዘንድሮ ግን ነገሩ የመሳቅና ያለመሳቅ ብቻ አልነበረም። የእትዬ ሱጄን እጅ ነበር።

እትዬ ሱጄን የወጥ ቤቱ አለቃ ናቸው። በየድግሱ የመጀመሪያው ገንዳ ላይ ይቆማሉ፤ ስቡ የከበደው ሳህን መጀመሪያ የሚመጣው እዚያ ነውና። ካለፈው ዓመት ወዲህ የጣታቸው ጫፍ እንደ ደረቀ የጨው ማሳ ወለል ይሰነጠቅ ጀመር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የሱቁን ሳሙና ይተዉ፣ ጓንት ያጥልቁ አለቻቸው። ጓንቱን እምቢ አሉ። «በጓንት ሳህኑ መጥራቱን በምኔ ልወቀው? ዓይን ይሸወዳል እንጂ ጣት አይሸወድም» አሉ። በክረምት ሚንዩ ከሳሙናዋ በትንሽ ማሰሮ ሰጠቻቸው፤ በሁለት ሳምንት ስንጥቁ ገጠመ።

«መድኃኒት ነው ልጄ» አሏት ያን ጊዜ። «ግን ቀጭን ነው። እኔ ብቻዬን ባጥብ ግድ አልነበረኝም። ድግስ ላይ ሴቶቹ ይቸኩላሉ፤ ቀጭን ሳሙና ሲያዩ ጠርሙሱን አንሥተው ገንዳዬ ውስጥ ይገለብጡብኛል። አወፍሪልኝ፤ ማንም አይነካብኝም።»

ሚንዩም አወፍራለሁ ብላ ቃል ገባች።

*

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አለች ፔይሊን።

ሚንዩ መምህሩ የጻፉላትን ወረቀት በቃሏ ታውቀዋለች። የሱቅ ጨው በውሃ አሟሚ። አንድ ማንኪያ ጨምረሽ አማስዪ። ቀዝቅዞ እስኪያድር ተዪው። ውፍረቱን ጠዋት እዪ። «እስኪያድር» ከሚለው ቃል ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«የሱቅ ጨው አለሽ?»

ሚንዩ በጓሮው በኩል አሻግራ አየች። ከቤቱ ጀርባ አራት የጨው ማሳዎች ከሰማዩ ጋር አንድ ቀለም ሆነው ተንጣለዋል። አያቷ አባባ ቲየንፉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨው የገፉ ሰው ናቸው። ትልቁ የጨው ሥራ ከተዘጋ በኋላም እነዚህን አራቱን አልተዉም። በማሳው ጠርዝ ትናንት የተሰበሰበው ጨው ተቆልሎ ያበራል።

«በጨው ቤት ተወልጄ ጨው ልግዛ?» አለች ሚንዩ።

«እሱስ ሼም ነው» አለች ፔይሊን፤ ከግንቡም ዘላ ወረደች።

ከክምሩ አንድ ሳህን አምጥተው በውሃ አሟሙት። የመጀመሪያው ማንኪያ ሲገባ ሳሙናው ለጥቂት ጊዜ ደፈረሰ፤ ከዚያ ከጭልፋው ጠርዝ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ቀረች። በሁለተኛው ማንኪያ ክር እየሳበ ይወርድ ጀመር። ፔይሊን አጨበጨበች።

«በቃ! ማር ሆነ!»

ማር ገና አልሆነም ነበር። ሊሆን ግን ተቃርቧል። ሚንዩ ከባልዲው ላይ የሚነሣው ሙቀት ፊቷን ሲነካት ይሰማታል፤ ወረቀቱ የሚለውንም ታስታውሳለች። ነገር ግን አምና ጭልፋውን ወደ ፀሐይ ያነሣችውን ሴት እጅ ጭምር አስታወሰች። ሦስተኛ ጨመረች።

ክሩ ተበጠሰ።

«አነሰው» አለች። አራተኛ ጨመረች። ሳሙናው ቀጠነ። አምስተኛ። ስድስተኛውን ስትጨምር ባልዲው ውስጥ የነበረው ነገር ወደ ውሃነቱ ተመለሰ፤ ከላዩም እንደ ተበላሸ ወተት ነጭ ፍርፋሪ ተንሳፈፈ።

በማሳው በኩል የአባባ ቲየንፉ የእንጨት መግፊያ መሬት ሲነካ ተሰማ። ሽማግሌው መጥተው መግፊያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ወደ ባልዲው ጎንበስ አሉ። ፍርፋሪውን በሁለት ጣት አሹት።

«ጨው ከየት ወሰድሽ?»

«ከውጭው ክምር።»

«ትናንት ከተሰበሰበው?» ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። «እሱ ገና መራራ ውሃውን አላንጠባጠበም። ዓሣ አይቀመጥበትም፣ ሰው አያጣፍጥበትም። አንቺ ለሳሙና ሰጠሽው።»

«መራራው ነው ያቀጠነው?»

«መራራውስ ይሄን ነጩን አመጣ። ስንት ማንኪያ ጨመርሽ?»

ሚንዩ ወደ ባልዲው አቀረቀረች። «ስድስት።»

አያቷ አልተቆጡም። ባይቆጡም ባልዲውን ብዙ አዩት። «ጨው እጅሽን ይዞ እስከ ደጃፍ ያደርስሻል» አሉ። «ደጃፉ ላይ በቃኝ ካላልሽው በጓሮ በር ያስወጣሻል። ገበሬው ዝናብን እንደዚያ ይለዋል፣ እኛ ጨውን እንላለን።»

«አሁን ይመለሳል?»

«የገባ ጨው አይለቀምም፣ ልጄ።»

ወደ ቤት ገብተው ከበሩ ጀርባ የሚኖረውን የሸክላ ማሰሮ ይዘው ወጡ። ውስጡ ሦስት ዓመት በቅርጫት ተንጠልጥሎ ሲያንጠባጥብ የኖረ ጨው ነበር። ማሰሮውን ሲነቀንቁት እንደ ደረቅ አሸዋ ድምፅ ሰጠ።

«ይሄ ለሁለተኛው ባልዲ» አሉ።

በዚያን ዕለት ሚንዩ ሁለተኛውን ባልዲ አልነካችውም። እጇ ራሱን ማመን ትቶ ነበር።

*

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፔይሊን ቀድማት ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። ፊቷ ሁሉ ሳቅ ነው።

«ነይ! ነይ! እዪው ያንን የሞተውን!»

የመጀመሪያው ባልዲ ክዳን ተነሥቷል። ፍርፋሪው የለም። ሚንዩ ጭልፋውን አጥልቃ አነሣች፤ ሳሙናው ከጠርዙ ላይ ረጅም፣ ወፍራም፣ የማይቸኩል ሆኖ ወረደ።

«እንዴት ሆኖ?»

«ሲያድር ወፈረ! ወረቀትሽስ እንደዚያ አይደል የሚለው? ፍርፋሪውን በእማዬ ወንፊት አጠለልኩት። ሌላውን ራሱ ሠራው።»

ሚንዩ ማመን ፈለገች። ስለፈለገችም አመነች። ነገሩ ከወረቀቱ ጋር የሚጣላ አልነበረም፤ ያደረ ሳሙና ይወፍራል። የአያቷ ቃል በአእምሮዋ ጥግ ቆሞ ነበር፤ ወደዚያ አልዞረችም።

በዚያው ሰዓት እትዬ ሱጄን ከገበያ ሲመለሱ ሞተር ሳይክላቸውን ከደጁ አቆሙ። ከኋላቸው ሌላ የወጥ ቤት ሴት ጎመን አቅፋ ተፈናጣለች። የእትዬ ሱጄን ሁለት ጣቶች በነጭ ፕላስተር ተጠምጥመዋል፤ ባለፈው ሳምንት በዘመድ ሰርግ ላይ በሱቅ ሳሙና አጥበው ነበር።

ጭልፋውን ተቀብለው አዘነበሉት። ዓይናቸው ክሩን ተከትሎ ወረደ።

«ኧረ እዪልኝ!» አሉ ለባለ ጎመኗ። «አምና ማን ነበር የሳቀው? አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ? እኔ እንኳ ፈገግ ነው ያልኩት» አለች ሴትዮዋ።

«ፈገግታሽ እስከ ወደቡ ተሰምቶ ነበር። ሚንዩ፣ ይሄን ባልዲ ለመጀመሪያው ገንዳ አድርጊልኝ። ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው።» ሲሄዱም እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ስለ ሳሙናው ሲናገሩ ይሰሙ ነበር።

ሚንዩ ደስታዋን ይዛ ወደ ውኃ ቧንቧው ሄደች። ጭልፋውን ልታለቀልቅ እጇን ስታሻሽ ነው የሸተታት።

ሎሚ።

የእነርሱ ሳሙና ምንም ያህል ቢጠራ ከሩቅ የሚመጣ የጥብስ ሽታ አለው። እትዬ ሱጄን «የገበያ ሽታ» የሚሉት ነው። ሎሚ ግን ከእነዚያ ጀሪካኖች ወጥቶ አያውቅም።

«ፔይሊን» አለች ሳትዞር። «ስንት ጠርሙስ ነው?»

ፔይሊን የባልዲውን ክዳን ገጠመች።

«ምን ስንት ጠርሙስ?»

«የሱቁ ሳሙና።»

የፔይሊን እግር መሬቱን ጫረ። «ሦስት» አለች በመጨረሻ። «ግማሹን ደፋሁና ሦስት ጠርሙስ ገለበጥኩበት። እና ምን ይሁን?»

«እትዬ ሱጄን ሊያጥቡበት ነው!»

«አንድ ቀን እኮ ነው! ለአንድ ቀን ምን ይሆናሉ?»

«ሁለት ሺህ ሳህን ነው።»

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ! እኔ ለራሴ ብዬ ነው እንዴ? አምና ከዚያ ምድጃ ጀርባ ማን ነበር አፍንጫሽን የጠረገልሽ? ትላንት ባልዲውን ስታዪው እንደዚያው ሆነሽ ነበር። ዳግመኛ እንዲስቁብሽ አልፈለግሁም፤ በቃ።» ድምፅዋ ተሰበረና እንደገና ጠነከረ። «ደግሞስ ማን ያውቃል?»

«እጃቸው ያውቃል።»

ፔይሊን ደብተሯን አነሣች። «እንዲያውም የእኔ ጥፋት ነው» አለች፤ «ለአንቺ ማሰቤ።» በሩን ሳትዘጋው ሄደች።

ሚንዩ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሁለተኛውን ባልዲ ከጥላው ወደ ብርሃኑ ጎተተችው። ከማሰሮው ጨው ቆነጠረች፤ በውሃ አሟሟችው፤ አንድ ማንኪያ ጨመረች። አማሰለች። ሳሙናው ምንም የተለወጠ አይመስልም ነበር። ማንኪያውን ይዛው መቆም እንደማትችል ስታውቅ ወደ አያቷ ወሰደችው።

«ይሄን እስከ ጠዋት ያዙልኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ተቀብለው በደረት ኪሳቸው ከተቱት።

*

በድግሱ ዋዜማ ጠዋት ሳሙናው ከጭልፋው ጠርዝ ላይ ጠብታ አንጠልጥሎ ነበር። ሚንዩ ማንኪያውን ተቀብላ ሁለተኛ ጨመረች፤ መልሳም ሰጠች። ቀኑን ሙሉ በክፍል ውስጥ ስለ ባልዲው አሰበች። የፔይሊን ወንበር ከእርሷ ፊት ነው። ፔይሊን አልዞረችም።

በድግሱ ዕለት ማለዳ የመጀመሪያዎቹ ርችቶች በወደቡ በኩል ሲንጣጡ ሚንዩ ክዳኑን ከፈተች። ሳሙናው እንደ ሰሊጥ ዘይት ሆኖ ነበር፤ ከውሃ የወፈረ፣ ከማር የቀጠነ። ጥርት ብሎ የባልዲውን ወለል ያሳያል። ጎን ለጎን ያለው የፔይሊን ባልዲ ከእርሱ ጋር ሲተያይ ንጉሥ ይመስላል።

ጋሪ ሲንኳኳ ሰማች። ፔይሊን የእናቷን የገበያ ጋሪ እየገፋች ገባች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ባልዲ እወስዳለሁ ብዬ ነበር» አለች። «ያልኩትን ልፈጽም ነው የመጣሁት። ለመታረቅ አይደለም።»

«እሺ።»

ፔይሊን ሁለቱን ባልዲዎች አየች። በሁለተኛው ላይ ጎንበስ ብላ ጭልፋውን ሞከረች። «መጥፎ አይደለም» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ ወደ ሚንዩ ዞረች። «አንድ ማንኪያ ብቻ ይቀረዋል። በማዙ እልሻለሁ፣ አንድ። ከዚያ ማር ይሆናል። ያኛውን ትተን ይሄን እንወስዳለን፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ማንም አይሳደብም።»

ጠዋት ከአያቷ የተቀበለችው ማንኪያ በሚንዩ እጅ ነበር። ማሰሮው እግሯ ሥር ነው። አንድ ማንኪያ ብትጨምር ማር ይሆን ይሆናል፤ ፔይሊን ሐሰተኛ ሳትባል፣ እርሷም ሳይሳቅባት ቀኑ ያልፍ ይሆናል። ወይም ክሩ ይበጠስና ለእትዬ ሱጄን የሚሰጥ ምንም አይኖርም። ሳሙናው የሚያድርበት ሌላ ሌሊት የለም። ሁለቱንም በሮች ከዚህ ሆና ማየት አትችልም፤ የቆመችበትን ደጃፍ ብቻ ታያለች።

ማንኪያውን ማሰሮው ውስጥ ከተተችና ክዳኑን ገጠመች።

«ይሄን ያዢልኝ» አለች ሁለተኛውን ባልዲ በአንድ ወገን እያነሣች።

«ልትናገሪ ነው?»

«ጨው ያበዛሁት እኔ ነኝ። እሱን እናገራለሁ።»

«የቀረውንስ?»

ሚንዩ የሎሚውን ባልዲ ክዳን ገጥማ በግቢው ጥላ ሥር ተወችው፤ ወለል ይታጠብበታል። ጋሪውን ሁለቱም ገፉት። በመንገዱ ላይ ከበሮ ቀደማቸው፤ የዕጣንና የርችት ጢስ ቀደማቸው።

በቤተ መቅደሱ ጓሮ ገንዳዎቹ ተደርድረው ውሃ ተሞልተዋል። እትዬ ሱጄን እጅጌያቸውን ሰብስበው ከመጀመሪያው ገንዳ አጠገብ ቆመዋል።

«መጣልኝ የእኔ ማር!» አሉ። ክዳኑን ራሳቸው ከፍተው ጭልፋውን አዘነበሉ። ሳሙናው ቶሎ ወረደ። በጣም ቶሎ አልነበረም፤ ግን ቶሎ።

ባለ ጎመኗ ሴት አንገቷን አስግጋ አየች። «ይሄ ወፍራሙ ከሆነ ቀጭኑን እንዴት አድርጋችሁ ያዛችሁት?»

ሳቅ ተነሣ። የሚንዩ ጆሮ ጋለ። ከኋላዋ ፔይሊን የጋሪውን እጀታ ይዛ ቆማለች።

«ያኛው የሱቅ ሳሙና አለበት» አለች። ሳቁ ገና ስላላለቀ ደግማ፣ ከፍ አድርጋ ተናገረች። «ያኛው ያዩት ባልዲ የሱቅ ሳሙና አለበት፣ እትዬ። ጨው አብዝቼ አበላሽቼው ነበር። ይሄ ንጹሕ ነው። ግን ማር አይደለም። ለአንድ ገንዳ ሁለት ጭልፋ ይፈልጋል።»

እትዬ ሱጄን አዩዋት። ቀጥሎም ከእርሷ ትከሻ በላይ አሻግረው ወደ ጋሪው አዩ።

«ጠርሙሱን የገለበጥኩት እኔ ነኝ» አለች ፔይሊን፣ ሊሰማ በማይችል ድምፅ።

«ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩሽም» አሉ እትዬ ሱጄን። የመጀመሪያውን ጣት ፕላስተር ይፈቱ ጀመር። ቀስ ብለው፣ ዙር በዙር ፈቱት። ሁለተኛውንም። ሁለቱን ነጭ ቅዳጆች በሽርጣቸው ኪስ ከተቱ። «አንቺ ቆመሽ ጋሪ አትጠብቂ፤ ከዚህ በኩል ነይና አለቅልቂ። ጠርሙስ ይዞ ወደዚህ ገንዳ የሚመጣ ካለ ውሃ ድፊበት። እኔም ብሆን ድፊብኝ።»

«እንዴ፣ እኛ ምን አደረግን?» አለች ባለ ጎመኗ፣ የያዘችውን ጠርሙስ ወደ ጀርባዋ እየደበቀች።

ከሜዳው በኩል የመጀመሪያው የሳህን ቁልል መጣ፤ የዓሣው ስብ ገና አልረጋም። ሚንዩ ጭልፋውን አጠለቀች። አንዱን ገንዳው ውስጥ ገለበጠች፤ ውሃው ላይ ቀጭን አረፋ ተዘረጋ። ሁለተኛውን ጨመረች። አረፋው እጅ እስኪሸፍን ከፍ አለ እንጂ ገንዳውን አልሞላም። ሴቶቹ እያዩዋት ነበር።

ሦስተኛ አልጨመረችም፤ ጭልፋውን በባልዲው አፍ ላይ አጋደመችና እጇን ከላዩ አነሣች። እትዬ ሱጄን ባዶ ጣቶቻቸውን ወደ ውሃው ሲያስገቡ፣ ሚንዩ ቆማ ጠበቀች።